የማክሰኞው ሁለት እጥፍ

ኖሪን ኡጋልዴ መኪናዋን ከካዚኖው ጓሮ ስታቆም መጀመሪያ ዓይኗ የገባው የካሊፎርኒያ ታርጋ ነበር። ከዚያ ሌላ የካሊፎርኒያ ታርጋ። ቀጥሎም በበረዶ ጭቃ የተለወሰ፣ ኋላው ላይ የሬኖ ከተማ መኪና ሻጭ ስም የተለጠፈበት ነጭ መኪና። ቀኑ ማክሰኞ፣ ወሩ የካቲት ነው፤ ሰዓቱም ገና ሦስት ተኩል አልሞላም። በዚህ ወር፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት እዚህ ግቢ ውስጥ ከሠራተኞቹ መኪና ሌላ የሚቆም ቢኖር የሽማግሌው የቨርል ታግ አሮጌ ፒክአፕ ብቻ ነበር።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ማክሰኞን በሰው እሞላዋለሁ ብላ የተነሳችው ራሷ ናት። ሆኖም ሞተሩን አጥፍታ እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች ጥቂት ቆየች። አንድ የረሳችው ነገር ያለ መሰላት፤ ምድጃ ሳያጠፋ ከቤት የወጣ ሰው እንደሚሰማው ያለ ስሜት ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀችውም።

በጋርዶና ካዚኖ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ሃያውን ዓመት ካርታ እያደለች፣ የቀረውን የብላክጃክ ጠረጴዛዎች ኃላፊ ሆና። ሽማግሌው ጋርዶና ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቤቱን የወረሰው ልጁ ክላይድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ካርታ ግን አይወድም። ካርታ አዳይ ይታመማል፣ ይሳሳታል፣ ልጁ ሲዳር ፈቃድ ይጠይቃል፤ የቁማር ማሽን ግን ከመብራት በስተቀር የሚጠይቀው ነገር የለም። በጥር ወር ክላይድ ቢሮው ጠርቷት የአዳራሹን ንድፍ ዘረጋላት። አራቱ የብላክጃክ ጠረጴዛዎች ባሉበት ቦታ ላይ አርባ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተሥለዋል።

«ማሽኖቹ ናቸው» አላት። «ሻጩ በየካቲት ሁለተኛ ሐሙስ ለፊርማ ይመጣል። ጠረጴዛዎችሽ እስከዚያ ሰው ካመጡ አስብበታለሁ። ካላመጡ ግን በኔ አትፍረጂ።»

አስራ አራት ካርታ አዳዮች አሏት። ትንሹ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። በዚህ ከተማ ከማዕድን ማውጫውና ከካዚኖው ውጭ ሥራ የለም፤ ማዕድን ማውጫው ደግሞ የስልሳ ዓመት ሰው አይቀጥርም።

«አንድ ማክሰኞ ስጠኝ» ብላ ለመነችው።

ሐሳቧ ቀላል ነበር። በብላክጃክ ከሃያ አንድ ሳያልፍ ወደ ሃያ አንድ ይበልጥ የቀረበ ያሸንፋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች፣ አስራ አንድ በሚቆጠር አንድ አስና በአንድ ባለ አስር፣ ድፍን ሃያ አንድ የመጣለት ተጫዋች ደግሞ «ብላክጃክ» ብሎ ካርታውን ይገለብጣል፤ አስር ዶላር መድቦ ከነበረ አስራ አምስት ይከፈለዋል። ኖሪን ያንን አስራ አምስት ለአንድ ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ አስር ሰዓት፣ ሃያ አደረገችው። ማስታወቂያው በሬኖ ጋዜጣ ሳይቀር ወጣ።

በስሌት አትታማም። ሽማግሌው ጋርዶና እያንዳንዱን የጨዋታ ደንብ፣ ባለ ሱቅ የዕቃውን ዋጋ እንደሚያውቀው፣ ከነዋጋው አስተምሯታል። አዳዩ አስና ስድስት ይዞ ሌላ ካርታ የሚስብ ከሆነ ለቤቱ ከመቶ ሁለት አስረኛ ያስገባል። ተጫዋቹ መደቡን ማጠፍ፣ ማለትም በእጥፍ ማሳደግ፣ የሚፈቀድለት አስርና አስራ አንድ ላይ ብቻ ከሆነ ሌላ ሩብ ያህል ይጨመራል። ሁለቱ ተደምረው ቤቱን ከአዋቂ ተጫዋች ላይ ከመቶ ግማሽ ገደማ ያስበልጡታል። ለማክሰኞው ስጦታም ዋጋ አውጥታለታለች፤ ከመቶ ሁለት ከሦስት አስረኛ። በየቀኑ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ የሚቀመጠው ሪፖርት ደግሞ ብላክጃክ ቤቱ ዘንድ የሚያስቀረው ከመቶ አስራ ስምንት ነው ይላል። ከአስራ ስምንት ሁለት ከሦስት አስረኛ ስትቀንስ አስራ ስድስት ገደማ ቀረላት። ክላይድም በበኩሉ ቀንሶ እዚያው ደረሰና ራሱን ነቀነቀ።

አራት ሰዓት ላይ ጠረጴዛዎቹ የታጠሩበት ገመድ ሲነሳ አራቱም ጠረጴዛዎች በአንድ ጊዜ ሞሉ። ሃያ አራቱ ወንበሮች ተይዘው ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ቨርል ታግ በማዕድን ማውጫው ዘመኑ የተሰበረ ጉልበቱን እየጎተተ ሦስተኛው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ያለች የዘወትር ወንበሩን በክርኑ ተከላክሎ ያዘ።

«ኖሪን፣ የኔ ቆንጆ! ካዚኖ ነው የከፈታችሁት ወይስ ሰርግ ነው?»

«ወንበርህን አገኘህ አይደል፣ ምን ትለፈልፋለህ?»

«አገኘሁ እንጂ። ይሄ ጎረምሳ ግን ክርኔን ሊሰብረው ነበር» አለና አጠገቡ ወደተቀመጠው ሰው ጠቆመ።

ጎረምሳ የተባለው ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ መነጽር ያደረገ፣ ግራጫ ሹራብ የለበሰ፣ መምህር የሚመስል ሰው ነበር። ወደ ኖሪን ዞሮ በትሕትና፣ «እመቤት፣ ጥቂት ነገር ልጠይቅዎት?» አላት።

«ይጠይቁ።»

«አዳዩ አስና ስድስት ላይ ይቆማል ወይስ ይስባል?»

«ይስባል።»

«መደብ ማጠፍስ?»

«አስርና አስራ አንድ ላይ ብቻ ነው።»

«የመደብ ጣሪያው?»

«ሁለት መቶ።»

የቤት ኪራይ ውል የሚያነብ ሰው ይመስል ነበር። ኖሪን እንዲህ የሚጠይቁ ሰዎችን ታውቃቸዋለች። እነዚህን ሁለት መልሶች ሲሰሙ አፍንጫቸውን ነፍተው ይሄዳሉ፤ ሬኖ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ደንብ ያለበት ጠረጴዛ ሞልቷልና። ይሄኛው ግን ፈገግ አለና «በጣም አመሰግናለሁ» ብሎ ሁለት መቶ ዶላር መደበ። በአራቱ ጠረጴዛዎች ላይ እንደሱ ያሉ ሌሎች አምስት ሰዎች ነበሩ። እርስ በርስ አይነጋገሩም፣ መጠጥ አይጠጡም። አዳዩ ስድስት ሲያሳይ አስራ ሦስት ይዘው ይቆማሉ፤ አስር ሲያሳይ አስራ ስድስት ይዘው ያለ ማመንታት ይስባሉ። ከሃያ አንድ አልፈው ሲቃጠሉም ፊታቸው አይለወጥም።

በመጀመሪያው ሰዓት እነዚህን ስድስቱን ተመለከተች። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ ዓይኗ ወደ ቨርል ተመለሰ።

ቨርል እንደ ወትሮው ሁለት ባለ ሃያ ዶላር ኖት አውጥቶ ነበር። አዳዩ ሩዲ ማታባን ኖቶቹን ጠረጴዛው ላይ ባለው ቀዳዳ ወደ ሣጥኑ ከትቶ በፈንታው አርባ ዶላር የሚያወጡ ክብ ጠጠሮች ሰጠው። ቨርል በየዙሩ ሁለት ዶላር ይመድባል። ሁለት ይበላል፣ ሁለት ይበላበታል። አሁን አንድ ሰዓት ሆኖታል፤ ስልሳ ዙር ያህል ተጫውቷል። ከፊቱ ያለው ጠጠር ግን ሲጀምር ከነበረው ብዙም አልጎደለም።

ስልሳ ዙር፣ ሁለት ሁለት ዶላር፤ መቶ ሃያ ዶላር። በአርባ ዶላር የመቶ ሃያ ዶላር ጨዋታ ተጫውቷል። እስከ አስር ሰዓት ሊሄድ ነው። ሣጥኑ ግን የሚያውቀው አርባውን ብቻ ነው።

ኖሪን በእጇ የገመዱን ምሰሶ ያዘች።

ሪፖርቱ ላይ ያለው አስራ ስምንት የሚሰላው ሣጥኑ ውስጥ ከገባው ገንዘብ ነው። ሰው መቶ ዶላር ይዞ ይመጣል፣ ያንኑ መቶ አስር አስራ ሁለት ጊዜ እያመላለሰ ይመድበዋል፣ ሲሄድ አስራ ስምንቱን ትቶ ይሄዳል። ከተመደበው ከሺህ ሁለት መቶ ዶላር አስራ ስምንት ማለት ከመቶ አንድ ተኩል ነው። እሷ የሰጠችው ሁለት ከሦስት አስረኛ ግን ሣጥኑን አያውቀውም፤ የሚቆረጠው ከእያንዳንዱ መደብ፣ በእያንዳንዱ ዙር ነው። አስራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ ያንን አስራ ስምንት እያየች ከደንቦቿ ዋጋ ጋር አንድ ዓይነት ነገር መስሏት ኖራለች። ካሮትን ከኪሎሜትር ቀንሳለች።

ወደ ሠራተኞች ማረፊያ ገብታ በሥራ ተራ ወረቀት ጀርባ ላይ እንደገና ሠራችው። አስር ዶላር ከሚመድብ አዋቂ ተጫዋች ቤቱ በደህና ቀን በአማካይ አምስት ሳንቲም የማይሞላ ያገኛል። ዛሬ ያንኑ እየወሰደ ሃያ ሦስት ሳንቲም ይሰጠዋል። እንደ ቨርል ላለው ይህ ምንም አይደለም። ያ ሹራብ የለበሰው ሰው ግን በየዙሩ ሁለት መቶ እየመደበ በሰዓት ስልሳ ዙር ይጫወታል። ከሁለት መቶ ላይ አራት ዶላር ገደማ፣ ስልሳ ጊዜ። በሰዓት ከሁለት መቶ ዶላር በላይ ለአንድ ሰው ደመወዝ ቆርጣለታለች ማለት ነው፤ ለስድስት ሰው ደግሞ...

ማስታወቂያውን ማውረድ አትችልም። ሽማግሌው ጋርዶና በጋዜጣ ያወጣውን ቃል ከሰዓቱ በፊት አጥፎ አያውቅም፤ እሷም አትጀምረውም። ደንቡን ታጥብቅ? በአንድ ፓኮ ፈንታ በስድስት ፓኮ ካርታ ብታጫውት ከመቶ ግማሽ ታተርፋለች። መደብ ማጠፍን ጨርሶ ብትከለክል ሌላ አንድ ገደማ። ያም ሆኖ ጉድጓዱ አይደፈንም፤ የከተማው ሰው ደግሞ ለግብዣ ተጠርቶ ሳህኑን የተቀማ ያህል ይቆጣል። በእጇ ያለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመደቡ ጣሪያ። እሱም ቢሆን በቤቱ ልማድ የሚቀየረው ከግማሽ ሰዓት በፊት በየጠረጴዛው ተነግሮ ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በየጠረጴዛው ዞራ ነገረች። «ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ጣሪያው ሃያ አምስት ዶላር ነው።»

ባለ ሹራቡ ሰው መነጽሩን አወለቀ። «አሰቡት ማለት ነው» አላት በለሆሳስ።

«ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?»

«ምንም። ግማሽ ሰዓት አለን አይደል?»

«አለዎት።»

«ሩዲ፣ ወንድሜ፣ እንግዲያው ቶሎ ቶሎ አድልልን» አለ ሰውየው።

ያ ግማሽ ሰዓት አላልቅ አላት። ከሩዲ ጀርባ ቆማ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ላለማየት ትታገል ነበር። ሩዲ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተሳለ እጅ አለው፤ ካርታው ከጣቱ ውኃ እንደሚፈስ ይፈሳል። ዛሬ ግን ዝግ ቢል ምንኛ በወደደች። ዝግ በል ልትለው አትችልም፤ ያ ማታለል ነው። ባለ ሹራቡ ሰው አንድ ብላክጃክ ገለበጠ። ሩዲ አራት መቶ ዶላር ቆጥሮ ከፈለው። ከሦስት ዙር በኋላ ደግሞ ሌላ ገለበጠ።

«ሁለት እጥፍ!» ብሎ ጮኸ ቨርል፣ የራሱ ይመስል። «ክፈለው ሩዲ፣ እጅህ ምን ተንቀጠቀጠ?»

«የተንቀጠቀጠው ያንተ ዓይን ነው፣ ሽማግሌ» አለ ሩዲ እየከፈለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ ኋላው ሳይዞር፣ «አለቃ፣ ጀርባዬ ላይ እየተነፈስሽ ነው። ምን ሆነሻል?» አላት።

«ምንም።»

«ምንም የሚል ሰው እንዲህ አይተነፍስም።»

ስድስት ሰዓት ሲሞላ ከስድስቱ አራቱ ጠጠራቸውን ሰብስበው ተነሡ። ባለ ሹራቡ ሰውና አንድ ሌላ ቀሩ፤ በሃያ አምስት ዶላርም ቢሆን ነፃ ምሳ ነው። የለቀቁትን ወንበሮች የከተማው ሰዎች ያዟቸው፤ ከሌሊት ፈረቃ የወጡ ሁለት ማዕድን ቆፋሪዎች፣ የፖስታ ቤቷ ሴትዮ፣ ከነእህቷ። ሳቅ መጣ። አስራ ሁለት ይዞ የሚቆም፣ ሃያ ይዞ ካርታውን ለሁለት የሚከፍል፣ ሲቃጠል አዳዩን የሚራገም ሰው መጣ። ኖሪን ትንሽ ተነፈሰች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ክላይድ ከፎቅ ወረደ። ደረጃው መጨረሻ ላይ ቆሞ አዳራሹን አየና ፊቱ ሁሉ በራ። ኖሪን እንዲህ ሆኖ ያየችው ልጅ ሳለ፣ አባቱ የጎማ ኳስ የገዛለት ቀን ነበር።

«ኖሪን! ማክሰኞ ነው እኮ! የካቲት ነው እኮ!»

«አየሁት።»

«ሬስቶራንቱ ስቴክ ጨረሰ። ሰምተሻል? ስቴክ አለቀ!» ትከሻዋን ያዘ። «በየማክሰኞው እናደርገዋለን። እስከ መጋቢት መጨረሻ። በሳክራሜንቶ ጋዜጣም አወጣዋለሁ። ግን ይሄ ጣሪያ ምንድን ነው? ማን ነው ሃያ አምስት ያደረገው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ዝም ብትል ይቻል ነበር። ሰው በዝቶብኝ ነው ብትል ያምናት ነበር። አስራ አራቱም አዳዮች ከኋላዋ የቆሙ መሰላት፤ ይህን ቀን የሠራችው ለእነሱ ነው፣ አሁን በገዛ አፏ ልታፈርስባቸው ነው።

«ተሳስቼ ነው፣ ክላይድ። ሒሳቡን ተሳስቻለሁ። ቤቱ ዛሬ እየከሰረ ነው የሚጫወተው።»

ፊቱ ላይ ያለው ብርሃን ወዲያው አልጠፋም፤ የሰማው አልገባውም። «አስራ ስምንት እኮ ነው የምናስቀረው። ሁለት ሰጠን። አብረን አይደል የቀነስነው?»

«አብረን ነው የተሳሳትነው። ና።»

ገመዱ ጥግ ወዳለ ባዶ የማሠልጠኛ ጠረጴዛ ወሰደችው። ባለ አምስት ዶላር ሃያ ጠጠር ቆጥራ ፊቱ አስቀመጠች። «መቶ ዶላር ነው። በየዙሩ አምስት መድብ» አለችውና ካርታውን ማደል ጀመረች። ክላይድ ሰዓቱን እያየ ተጫወተ። አንዴ በላ፣ አንዴ ተበላ፣ ሁለት ጊዜ እኩል ወጡ። ሃያኛው ዙር ላይ ካርታውን አስቀመጠች።

«ሃያ ጊዜ አምስት ዶላር መደብክ። ስንት ተጫወትክ?»

«መቶ።»

«ፊትህ ያለውን ቁጠር።»

ቆጠረ። «ዘጠና።»

«መቶውን ተጫውተህ ጨርሰሃል፣ ግን ዘጠናው እዚህ ነው። እስከ ማታ ደግመህ ደጋግመህ ታዞረዋለህ። አስራ ስምንቱ ከመቶው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቀረው። የኔ ስጦታ ግን በዞረ ቁጥር ነው የሚቆረጠው።»

ክላይድ ጠጠሮቹን በጣቱ ገፋ አደረጋቸው። እንደገባው አየች፤ ወይም ግማሹ እንደገባው። «የባከነው ስንት ነው?»

«አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ዝቅ ስላለ ብዙ አይሆንም። ጠዋት ግን...»

«አስር ሰዓት ላይ እንቆጥራለን» አለና ሌላ ቃል ሳይናገር ወደ ፎቅ ወጣ።

አስር ሰዓት ላይ ገመዱ ተመለሰ። ሣጥኖቹ ወደ ቆጠራ ክፍል ተወሰዱ። ኖሪን ከክላይድ ቢሮ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጇን ጉልበቷ መሐል አድርጋ ጠበቀች። መልቀቂያዋን እንዴት እንደምትጽፍ አሰበች። ለሩዲ በምን ቃል እንደምትነግረው አሰበች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ። ክላይድ አዳመጠ፣ ጻፈ፣ ዘጋ። ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረው።

«ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ» አለ። «ትርፍ ነው፣ ኖሪን። ትርፍ!»

ቁጥሩን ደግማ አነበበች።

«ስህተትሽ ሦስት ሺህ ዶላር ሊሆንልኝ ስልሳ ነው የቀረው!» ክላይድ ሳቀ፤ ሳቁ ከልቡ ነበር። «ወይ አንቺ! ቀኑን ሙሉ አስፈራርተሽኝ!»

ለአንዲት ቅጽበት ሰውነቷ ሁሉ ፈታ አለ። ከዚያ ጠዋት ከተሰማት የባሰ ፍርሃት መጣ። ቤቱ ከስሮ ቢሆን ኖሮ ክላይድ ያምናት ነበር።

«ዕድል ነው» አለች። «ያ ሹራብ የለበሰው ሰው ጠዋት በሁለት መቶ መደብ ስምንት ጊዜ ተከታትሎ ተበልቷል፤ ቆሜ አይቻለሁ። ሳይሳሳት ነው የተበላው። የከተማው ሰው ደግሞ እንደ እብድ ሲጫወት ነበር። አንድ ቀን ነው፣ ክላይድ። አንድ ቀን ምንም አይናገርም።»

«ሦስት ሺህ ዶላር ይናገራል እንጂ! ዕድልስ ቢሆን? ሥራችን ዕድል አይደል?»

«አይደለም። ሥራችን ዕድሉ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ነው።»

ሳቁ ቀዘቀዘ። ከመሳቢያው የጋዜጣውን የማስታወቂያ ቅጽ አወጣ፤ ሞልቶታል። በየማክሰኞው፣ እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ ጣሪያው ሁለት መቶ። ከሥር የጠረጴዛዎች ኃላፊ ፊርማ ቦታ አለ፤ ሽማግሌው ጋርዶና የጀመረው ልማድ ነው።

«ፈርሚ።»

«አልፈርምም።»

«ኖሪን፣ ከነገ ወዲያ ማሽን ሻጩ ይመጣል። ይሄን ካልፈረምሽ የሱን ነው የምፈርመው። እኔ እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም። ሃያ አራት ወንበር አለን። ዛሬ አዋቂዎቹ ስድስት ነበሩ። የሚቀጥለው ማክሰኞ ሃያ አራቱም እንደ ባለ ሹራቡ ሰው ይሆናሉ፤ የሰሙት ገና ዛሬ ነው። ሁለት ሁለት መቶ መድበው ስድስት ሰዓት ይጫወታሉ። ከሠላሳ ሺህ ዶላር በላይ ነው በአንድ ቀን። ዕድል አንዴ ያድንሃል፣ ሁለቴ ያድንሃል። በመጋቢት ጠረጴዛም ማሽንም አይኖርህም፤ ያም የሚሆነው በኔ ፊርማ ነው።»

መስኮቱ ሥር የጭነት መኪና በበረዶው ላይ እየጮኸ አለፈ። ኖሪን ቅጹን ወደ ራሷ ሳበችና ከጠረጴዛው ላይ እርሳስ አንስታ አንድ መስመር ሰረዘች፤ በላዩ ጻፈች።

«ይሄን እፈርማለሁ» አለች።

አነበበው። «ሁለት እጥፉ የብላክጃኩ ሁለቱም ካርታ ቀይ ልብ ሲሆን ብቻ?»

«አስም ባለ አስሩም ልብ ሲሆኑ። ከአስራ ስድስት ብላክጃክ አንዱ እንዲያ ይመጣል። ከአስር ዶላር ላይ የምንሰጠው ሳንቲም ተኩል ነው። ሦስት ሳንቲም ከአዋቂውም ቢሆን ይቀርልናል፤ ከሌላው ከዚያ በላይ።»

«ለዚህ ከሬኖ ሰው በበረዶ ይነዳል?»

«ማንም አይነዳም። ቨርል ግን ይመጣል።»

«ቨርል አርባ ዶላር ነው ያለው!»

«እኔም የምፈልገው አርባ ዶላር ያላቸው ሃያ አራት ሰዎች ነው።»

ክላይድ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ጣሪያውን አየ።

«አይሞላም» አለ በመጨረሻ። «እንደ ዛሬ አይሞላም፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። አራቱን ላቆይልሽ አልችልም። ሦስት። እስከ መጋቢት መጨረሻ ሦስት ጠረጴዛ። በአራተኛው ቦታ ማሽን ይገባል።»

«ክላይድ...»

«ሦስት፣ ኖሪን። ወይም ምንም።»

ፈረመች። ፊርማዋ ከወትሮው ትንሽ ሆኖ ወጣ።

ወደ ሠራተኞች ማረፊያ ስትወርድ ሩዲ ጫማውን አውልቆ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ነበር። እንዳያት እግሩን አወረደ።

«አሸነፍን?»

«ዛሬ አዎ። ወደ ሦስት ሺህ ዶላር።»

«እንግዲያው ፊትሽ ለምን የለቅሶ ቤት መሰለ?»

ነገረችው። ስለ ሒሳቡ፣ ስለ ቀይ ልቡ ብላክጃክ፣ ስለ ሦስቱ ጠረጴዛ። ሩዲ አላቋረጣትም። ስትጨርስ ጫማውን አጥልቆ ማሰሪያውን ቀስ ብሎ መቋጠር ጀመረ።

«ስለ ሒሳቡ ዝም ብትይው ኖሮስ?» አለ። «በየማክሰኞው እንደ ዛሬ ሞልቶ...»

«እስከ መጋቢት ነበር የሚሞላው። ከዚያ ሁላችንም እንባረር ነበር።»

«ሁላችንም» ብሎ ደገመ ሩዲ። የሌላውን እግሩን ጫማ ማሰር ጀመረ። «አንድ ጠረጴዛ ስንት ሰው ነው? ሦስት?»

«ሦስት።»

«ማን ማን ነው?»

«ገና አላወቅሁም።»

ቀና ብሎ ሊያያት ፈልጎ ተወው፤ ተነሥቶ ትከሻዋን ነካ አደረጋትና ወጣ። ከአዳራሹ የቨርል ድምፅ ተሰማ፤ ከአንድ ሰው ጋር ስለ ወንበሩ ይጨቃጨቃል።

ኖሪን የሥራ ተራውን ወረቀት ከግድግዳው ነቀለች፤ ጀርባው ላይ የጠዋቱ ሒሳብ አለ። ንጹሕ ወረቀት ዘርግታ ሦስት መስመር አሰመረች፤ አንደኛ ጠረጴዛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ዘጠኙን ስም ሳታስብ ጻፈች። አስረኛውን ጥቂት አሰበችበት። ከዚያ አራት ስም ቀርቶ፣ ቦታው ለአንድ ብቻ ሆኖ፣ እርሳሱን ይዛ ተቀመጠች።